የኩልኩሌ እግሮች

ያፌት ጠዋት ሲነሳ መጀመሪያ የሚሠራው ሥራ ትራሱ ላይ የረገፈውን ጸጉር መልቀም ነው። ጸጉሩ ግራጫ ነው፤ ከጆሮው ጫፍ እስከ እጁ ጣቶች በቅሎበታል። ክሊኒክ ሄዶ ከተወጋ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ብቅ አለ፣ ከዚያ ደረቱን ሸፈነ፣ ጆሮዎቹም ወደ ላይ ተሳቡና አንዱ ከሌላው ረዘመ። መርዘሙ ስሕተት አይደለም፤ ለፊልሙ በፈረመው ውል ላይ እንደዚያ ነው የተጻፈው። ፊልሙ ሲያልቅ ጸጉሩ ይረግፋል ወይ ብሎ ሲጠይቅ ነርሷ ፈገግ ብላ፣ «አብዛኛው ሰው ላይ ይረግፋል» አለችው።

ሚስቱ ሶልያና አንሶላውን መስኮት ላይ እያራገፈች፣ «አቦ እኔ ፍሪጅ ጠጋኝ ነበር ያገባሁት» ትለዋለች።

«ነኝኮ!»

«እስቲ ጅራትህን ከበሩ ላይ አንሳና ንገረኝ!»

ጅራት የለውም፤ እሷም ታውቃለች። ግን አገሩ ድሬዳዋ ነው፤ ድሬ ላይ ሰው ጠዋት ካልተተረበ የታመመ ይመስለዋል።

ከቤት ሲወጣ ሹፌር አልባው ባጃጅ ወንበሩ ላይ ፎጣ ካላነጠፈ አይነቃነቅም። ከዚራ ሰፈር ያለው ጸጉር አስተካካይ ዓይኑ ላይ የወረደውን ብቻ ይቆርጥለታል፤ ሌላው የፊልም ድርጅቱ ንብረት ስለሆነ መቀስ ማሳረፍ ክልክል ነው። መንገድ ላይ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ባለፈው ዓመት አንድ የሳቢያን ሰፈር አስተማሪ ለሌላ ፊልም ዳክዬ ሆኖ ከርሟል፤ ሒሳብ ሲያስተምር ላባው ሰሌዳውን ይጠርግ ነበር አሉ። አንዲት የባንክ ሠራተኛ ደግሞ እስከ ዛሬ ቀንዷ አልወደቀም። ደንበኞቿ ለምደዋታል።

ዘመኑ የሁለት ሺህ ሰባዎቹ መጨረሻ ነው። ሰው በኮምፒውተር የተሠራ ምስል አንገሽግሾታል፤ ፊልም ማለት አሁን ሥጋ የለበሰ ፊልም ብቻ ነው። የጥንቶቹ የልጆች አሻንጉሊት ፕሮግራሞች በሙሉ ተራ በተራ ሥጋ እየለበሱ ናቸው፤ ጨርቁ ቆዳ፣ ቁልፉ ዓይን ይሆናል፣ ቤተሰብ ከነልጁ ቁጭ ብሎ ያያል። ተራው ያልደረሰ ፕሮግራም ማኅደር ውስጥ ታሽጎ ይቀመጣል። ተራው ሲደርስ ፊልሙ ተሠርቶ ለልጆች ይታያል። ልጆቹ ከሳቁ ፊልሙም አሮጌው ፕሮግራምም ይከፈታሉ። ሁለት ጊዜ ቀርቦ ካላሳቀ ሁለቱም ከማኅደሩ ይሰረዛሉ። የኮምፒውተር ማቀዝቀዣ መብራት ውድ ነው፤ ማኅደሩ የማያስቅ ነገር አያቀዘቅዝም።

ኩልኩሌ ተራው የደረሰው ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነው። በጥንት ጊዜ ድሬዳዋ ውስጥ በአንዲት ትንሽ ስቱዲዮ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት በቀጥታ የሚተላለፍ ፕሮግራም ነበር። ከሶፋ ጨርቅ የተሰፋ፣ ሽኮኮ ይሁን ፍየል ያልታወቀ፣ ጉረኛ ፍጥረት ከግንብ በላይ ብቅ ብሎ ከአላፊ አግዳሚው ጋር ሲጨቃጨቅ ይውላል። የሰፋችውም፣ እጇን ውስጡ ከትታ ያናገረችውም የያፌት እናት ቤዛዊት ናት። ሕጉ ለእንደዚህ ያለው ሰው ልጅ ቅድሚያ ይሰጣል፤ የእጅ ወራሽ ይባላል። ለዚህ ነው ያፌት በስተርጅና ጸጉር ያበቀለው።

ቤዛዊት በራሷ ፊት መቀረጽ አትወድም ነበር። ስልክ ሲደቀንባት «ድምፄን ለኩልኩሌ ሰጥቻለሁ» ብላ ትሸሻለች። ያፌት ገና ሃያ ዓመቱ ሳለ ሞተች፤ ዛሬ የእርሷ ድምፅ በዓለም ላይ ያለው እዚያ የታሸገው ፕሮግራም ውስጥ ብቻ ነው። ፊልሙ ከወደቀ እናቱ ሁለተኛ ትሞታለች። ያፌት ይህንን ለማንም በዚህ ቃል አልተናገረም፣ ግን ሐሳቡ ከልቡ ወጥቶ አያውቅም።

ሌላም ያልተናገረው ነገር ነበረው። ኩልኩሌን አይቶት አያውቅም።

እንዴት ያያል? ፕሮግራሙ በቀጥታ የሚተላለፍ ነው፣ ሕፃን የሚጠብቅላት ሰው የላትም። እናቱ ከግንቡ ሥር ፍራሽ ላይ በጀርባዋ ተኝታ እጇን ወደ ላይ ስትዘረጋ፣ እርሱ አጠገቧ ተኝቶ ነው ያደገው። አገር በሙሉ ኩልኩሌን ከፊት ሲያይ፣ እርሱ የሚያየው የእናቱን ብብት፣ የላቧን ጠብታና የኩልኩሌን ቂጥ፣ ማለትም የተቀደደ የሶፋ ጨርቅ ነበር። አድጎም ቅጂው የትም አይሄድም ብሎ ሳያየው እናቱ ሞተች። ከሞተች በኋላ ፈራ። ነገ አየዋለሁ፣ ከነገ ወዲያ አየዋለሁ ሲል ታሸገ።

ይህን እንዳይናገር ደግሞ አገር ሁሉ አዋቂ አድርጎታል። ዳይሬክተሯ ትርንጎ ከአዲስ አበባ ስትመጣ እግሩ ላይ ልትወድቅ ምንም አልቀራትም። እሷ ስትወለድ ለልጅ የጥንት ስም ማውጣት ፋሽን ስለነበር ወጣቶቹ ትርንጎና ደምሴ፣ ሽማግሌዎቹ ያፌትና ሶልያና ናቸው። «ጋሽ ያፌት፣ ኩልኩሌ ሲናደድ እንዴት ነበር?» ትለዋለች፣ ዓይኗን አፍጥጣ።

«እንደ… እንደ ተናደደ ሰው» ይላል ያፌት።

«አያችሁ! ቀላልነቱ!» ትላለች ወደ ሠራተኞቿ ዞራ። ሁሉም አንገቱን ይነቀንቃል።

ትልቁ ጣጣ ግን እግር ነበር። ኩልኩሌ ከወገቡ በታች ታይቶ አያውቅም፣ ሕጉ ደግሞ ሥጋ ሲለበስ ሙሉ አካል ይልበስ ይላል። ስለዚህ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰኮና ነው ጥፍር? ይሮጣል ይዘላል? ከብዙ ስብሰባ በኋላ ኩልኩሌ ቅርስ ስለሆነ አረማመዱም የቅርስ ክብር የጠበቀ እንዲሆን ተወሰነ። ያፌትም ሪባን ሊቆርጥ እንደመጣ ባለሥልጣን እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ቀስ፣ ቀስ እያለ በፊልሙ ውስጥ ተንጎራደደ።

የመጀመሪያው ማሳያ ለገሃር አካባቢ ባለ አዳራሽ ተደረገ። ዳኞቹ ትምህርት ቤት ያልገቡ ልጆች ናቸው፤ ወንበራቸው ሳቃቸውን ይለካል፣ መኮርኮር የተከለከለ ነው፣ ወላጅም አይገባም። ያፌት ከመጋረጃው ጀርባ ቆሞ አየ። ግራጫው ፍጥረት ስክሪኑ ላይ ተንጎራደደ። አዳራሹ ጸጥ አለ። ተንጎራደደ። አንዱ ልጅ አፍንጫውን መጎርጎር ጀመረ። ተንጎራደደ።

«ይሄ ሰውዬ መቼ ነው የሚሄደው?» አለች አንዲት ልጅ ጮክ ብላ።

«ታሞ ነው መሰለኝ» አላት ጎረቤቷ፣ አዝኖለት።

ወንበሮቹ ሳቅ ሲለኩ የሚበራው የመቆጣጠሪያው መብራት አንዴም ሳይበራ ፊልሙ አለቀ። የማኅደሩ ወኪል ጨዋ ሰው ነው፤ የያፌትን ጸጉራም እጅ ጨብጦ፣ «አንድ ዕድል ይቀርዎታል። ከዚያ በኋላ መሰረዙ ብዙ ጊዜ አይወስድም፣ ድምፅም የለውም» አለው። ሊያጽናናው ፈልጎ ነው።

በማግሥቱ፣ ድሬ በምሳ ሰዓት ሙቀት መዝጊያዋን ዘግታ ጋደም ስትል፣ ሶልያና ባሏን ሳሎን መሬት ላይ በጀርባው ተዘርሮ አገኘችው።

«ምን ሆነሃል አቦ? ሙቀቱ ነው? ውሃ ላፍስብህ?»

«ሶል፣ አይቼው አላውቅም።»

«ማንን?»

«ኩልኩሌን።»

ነገራት። ፍራሹን፣ ብብቱን፣ የሶፋውን ጨርቅ፣ የፈራውን ሁሉ ዘከዘከላት። ሶልያና አፏን ይዛ ቆየች፤ ከዚያ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አለቀሰች ብሎ ቀና ሲል ሳቋን ነው የያዘችው። ለቀቀችው። ከት ከት ብላ ሳቀች፣ ግድግዳውን ይዛ ሳቀች፣ እንባዋን በቀሚሷ ጠርጋ እንደገና ጀመረች።

«አገር በሙሉ ያየውን! እኔ በእርሱ ምክንያት ስንቴ እናቴ ገረፈችኝ፣ ኩልኩሌ እንዳያመልጠኝ ብዬ ዳቦ ሳልገዛ ቀርቼ! አንተ ደግሞ እዚያው ተኝተህ…» መጨረስ አቃታት።

«እናቴ ልትጠፋ ነው ሶል» አለ ያፌት።

ሳቋ ቆመ። መጥታ አጠገቡ መሬት ላይ ቁጭ አለች፤ በግራጫው ጸጉር መሐል ጣቶቿን ሰደደች። ከዚያ ሶልያና ሶፋውን ጎትታ መሐል ላይ አመጣች፣ ከኋላው ተንበረከከች፣ እጇን ካልሲ አልብሳ ከመደገፊያው በላይ ብቅ አደረገች።

«ይኸውልህ ሲዋሽ። ‹ከዚህ ግንብ ጀርባ አንድ ጫካ የማንጎ ዛፍ አለኝ! የእኔ ነው! ማንም እንዳይነካ!› ሲል ጆሮው ብቻ ይንቀጠቀጣል። አስታወስከው?»

ያፌት ሶፋው ሥር እንደተኛ ድምፁን አወቀው። «አዎ። ያኔ እሷ እግሮቿን እርስ በርስ ታሻሻለች። ሲዋሽ ሁልጊዜ።»

«እግሯን?»

«ጫማዋን አውልቃ ነው የምትሠራው። ሲኮራ አውራ ጣቶቿ ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ውሻ መጣ ሲሉት ደግሞ…» ያፌት እግሮቹን ወደ ላይ ሰቅሎ አየሩን ፔዳል መታ። «እንዲህ! ላይ ላይ ‹እኔ ውሻ አልፈራም› ይላል፣ ታች እግሯ ሐረር ደርሷል!»

ሶልያና ጎንበስ ብላ አየችው። ጸጉራም ሽማግሌ በጀርባው ተኝቶ አየር ላይ ይሮጣል። «ውይ ሙት በለኝ!» አለችና ከሶፋው ጀርባ ተዘረረች። የዚያን ቀን ከላይ እሷ፣ ከታች እርሱ ሆነው የሚያስታውሱትን ሁሉ ተጫወቱት። ጎረቤት ግድግዳ መታ፤ ዝም በሉ ለማለት ሳይሆን ምን እንደሚያስቃቸው ለመጠየቅ።

ያፌት ጠዋት ትርንጎ ዘንድ ሄዶ እውነቱን ነገራት። ወቀሳ ጠብቆ ነበር። ትርንጎ ግን ወንበሯ ላይ ዝርግት ብላ ቀረች።

«ጋሽ ያፌት፣ እርስዎም አላዩትም?»

«‹እርስዎም› ማለት?»

ዙሪያዋን ያሉትን ሠራተኞች አየች። ካሜራ የያዘውም፣ መብራት የምታስተካክለዋም፣ ጽሑፍ ያዘጋጀውም ዓይኑን ሰበረ። «እኔ ስወለድ ታሽጎ ነበር። ሁላችንም ስንወለድ ታሽጎ ነበር። ማየት የሚፈቀደው ፊልሙ ከፀደቀ በኋላ ነው። እርስዎ ስላሉ ምን ቸገረን ብለን…» ድምፅዋ ሟሸሸ። «ኮሚቴውም ያው ነው። እርስ በርስ ስንከባበር ማንም ማንንም አልጠየቀም።»

ያፌት ሊናደድ ይገባው ነበር። ይልቁንስ ሆዱን ይዞ ሳቀ። አንድ አሻንጉሊት ሥጋ ለማልበስ ክሊኒኩ፣ ኮሚቴው፣ ይህ ሁሉ ጸጉር፤ ያየው ሰው ግን የለም! «አቦ ተነሺ፣ ያዩትን እናመጣለን» አላት። «ድሬ ሞልተዋል።»

አመጣቸውም። ደቻቱ ወንዝ ዳር አንድ እውነተኛ ግንብ ተመረጠና ሶልያና የዕድሜ እኩዮቿን ሰብስባ ጥላ ሥር አስቀመጠቻቸው። ትርንጎ ድሮ ያዩትን ይናገሩ ብላ ነበር፤ ድሬ ግን ሳይሟገት መናገር አይችልም። «አቦ ጆሮው ቀድሞ ነው የሚወጣው!» «ኧረ አፍንጫው ነው!» «አንተ ያኔ ገና አልተወለድክም፣ ዝም በል!» ያፌት ከግንቡ ጀርባ ሳጥን ላይ ቆሞ ብቅ ይላል፣ ይሰደባል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ብቅ ይላል። የመጀመሪያው ፊልም ሲሠራ አንድም ሰው አልሰደበውም ነበር፤ አሁን ሥራው ሥራ መስሎ ታየው።

ከቀትር በፊት አምስተኛው ይሁን ስድስተኛው ሙከራ ላይ ሳጥኑ ተንሸራተተ። ያፌት በሁለት ክርኑ ግንቡ ላይ ተንጠለጠለ፤ እግሩ መሬት አይደርስም። ከፊት ያሉት ምንም አላዩም። ኩልኩሌ ብቅ እንዳለ ነው፣ አላፊ አግዳሚውን በኩራት ቁልቁል ያያል።

«ከዚህ ግንብ ጀርባ» አለ ያፌት ትንፋሹን እንደምንም ሰብስቦ፣ «አንድ ጫካ የማንጎ ዛፍ አለኝ!»

ከጀርባ፣ ከሁለተኛው ካሜራ አጠገብ የነበረችው ትርንጎ ግን አየች። አንድም ማንጎ የለም፤ ባዶ አሸዋ። አሸዋው ላይ የተንጠለጠለ ጸጉራም ፍጥረት፤ ላይ ጌታ፣ ታች እግሮቹ እርስ በርስ ይታሻሻሉ፣ አውራ ጣቶቹ ይቆማሉ፣ መሬት ይፈልጋሉ፣ ያጣሉ። አንዱ በግንቡ ወዲያ «ውሻ መጣ!» ብሎ ጮኸ። «እኔ ውሻ አልፈራም!» አለ ላይኛው። ታችኛው ሐረር ሄደ። ነጠላ ጫማው ተፈናጥሮ የካሜራ ባለሙያውን ግንባር መታው።

ትርንጎ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጭና፣ ካሜራው እንዳይቆም በዓይኗ ትለምን ነበር። ኩልኩሌ ለካ ከግንቡ ጀርባ ቆሞ አያውቅም። ያን ሁሉ ዓመት ሲጎርር ተንጠልጥሎ ነበር።

ያፌት ዘጭ ብሎ ሲወድቅ ሽማግሌዎቹ ሁሉ ግንቡን ዞረው ሮጠው መጡ። ካሜራው ከጀርባ የቀረጸውን አዩ። «ጉድ በል! እንዲህ ነበር እንዴ የሚሆነው?» አሉ፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ ተደብቆባቸው የኖረ ነገር የተገለጠ ይመስል። ያፌት አሸዋውን እያራገፈ፣ «አዎ፣ እንዲህ ነበረች» አለ። ማንን እንደሚል የገባት ሶልያና ብቻ ናት፤ መጥታ ጆሮውን አቃናችለት።

ፊልሙ እንደ አዲስ ተሠራ። ካሜራው አንዴ ከፊት፣ አንዴ ከኋላ ያያል፤ ሌላ ብልሃት የለውም። ኮሚቴው ስለ ቅርስ ክብር ተቃውሞ ላከ፤ ትርንጎ አንብባ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች።

የሁለተኛው ማሳያ ቀን ያፌት ከመጋረጃው ጀርባ መቆም አቃተው። ወጥቶ ኮሪደር ላይ ተቀመጠ። ከበሩ ወዲያ የፊልሙ ድምፅ ይሰማዋል፣ «አንድ ጫካ የማንጎ ዛፍ አለኝ!» ከዚያ ጸጥታ። ጸጥታው ረዘመ። ያፌት ዓይኑን ጨፈነ፤ እናቱን ይቅር በይኝ አላት።

አንድ ልጅ፣ አንድ ብቻ፣ «ውሸቱን ነው!» ብሎ ጮኸ። «እግሩን እዩት!»

ከዚያ አዳራሹ ፈነዳ። ወንበሮቹ የሚለኩት ሳቅ ወለሉን ኮሪደሩ ድረስ አንቀጠቀጠው። የሚያስል አለ፣ የሚያንቃርር አለ፣ «ድጋሚ! ድጋሚ!» የሚል አለ። ያፌት በሩን ገፍቶ ሲያይ መብራቱ በርቶ በርቶ ሊቃጠል ደርሷል፤ ግማሾቹ ልጆች ወንበራቸው ላይ በሆዳቸው ተኝተው አየሩን በእግራቸው ይደበድባሉ። ትርንጎ ወኪሉን አቅፋ ታለቅሳለች። ወኪሉ ጨዋ ስለሆነ ታቅፎ ቆሟል። «አለፈ» አለ፣ «አሮጌውም አሁን ይከፈታል። ደንቡ ዳኞቹ እንዲያዩት ያዛል።»

መቀመጫ አልነበረም። ልጆቹ ኩልኩሌን በአካል ሲያዩ ጮኸው ተጠጋጉና መሐላቸው አስገቡት፤ አንዷ ጆሮውን ይዛ ቀረች። መብራት ጠፋ። ማኅተሙ ተነሳ።

በቀለም የተሠራ የጣውላ ግንብ ታየ፤ ትንሽ፣ የተላላጠ። ያፌት እናቱን ጠበቀ። እጇን እፈልጋለሁ፣ ትንፋሿን እለያለሁ፣ የት ላይ እንደደከማት አውቃለሁ ብሎ አፍጦ ተዘጋጀ። ከግንቡ በላይ አንድ ጆሮ ወጣ፤ ሁለተኛው ተከተለ። ከዚያ አንድ ጉረኛ፣ ተቆጪ፣ ነገረኛ ፍጥረት ዙሪያውን ገላመጠ።

እናቱ አልነበረችም። እጅ አልነበረም፣ ብብት አልነበረም፣ የሶፋ ጨርቅም አልነበረም። ያፌት ፈለጋት፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ መፈለጉን ረሳው። ኩልኩሌ ከጎረቤቱ ቁራ ጋር ሲጣላ ያፌት ለኩልኩሌ አደላ። ሲዋሽ ተናደደበት። ሲፈራ አዘነለት። ልጆቹ ሲስቁ አብሮ እየሳቀ መሆኑን ያወቀው ጉንጩ ላይ ያለው ጸጉር በእንባ ሲረጥብ ነው።

ከዚያ ኩልኩሌ ጆሮውን ወደ ፊት ቀሰረና ቀጥ ብሎ ወደ ተመልካቾቹ አየ።

«ከግንቡ ወዲያ ማን አለ?»

በየሳምንቱ እንዲህ ብላ ትጠይቅና እናቱ ዝም ትል ነበር፤ አገሩ በየቤቱ እንዲመልስ። ያን ጊዜ ያፌት ፍራሹ ላይ ትንፋሹን ይውጣል። ፕሮግራሙ በቀጥታ ስለሚተላለፍ ሁሉም ልጅ ሲመልስ እርሱ ብቻ መናገር አይፈቀድለትም፤ የእናቱ ግራ እጅ አፉን ሸፍኖ ይይዘዋል።

«እኛ አለን!» አሉ ልጆቹ በአንድ ድምፅ።

ኩልኩሌ አልረካም። «አልሰማሁም! ማን አለ?»

ያፌት ከወንበሩ ተነሳ። ልጅቷ ጆሮውን ለቀቀችለት።

«እኔ አለሁ!» ብሎ ጮኸ።